የጥሩወርቅ ሦስተኛ መስመር

ባለፈው ሰሞን ሮቤ ላይ ዝናብ ያዘኝ። የባሌን ዝናብ የማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ ነኝ፤ ጉልበቴ ከሚኒባስ ስወርድ እንኳ ያጉረመርማል። ለደም ግፊቴ ኪኒን ልገዛ ከጎባ መጥቼ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ወጥቼ አስፋልቱን ሳልሻገር በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከሲናና በኩል መጣና አንዲት ወንዶች ፀጉር ቤት በረንዳ ሥር ተሸጎጥኩ። ከፀጉር ቤቱ ጎን አንዲት ጠባብ በር አለች። ከውስጥ ንብ ቀፎ ውስጥ እንደምታሰማው ያለ ድምፅ ይወጣል፤ አልኮልም ይሸታል፤ ከአልኮሉ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ፣ የቀለም ሽታ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ቆሞ “አላወቅሽኝም እንዴ?” አለኝ። አንገቴን አስግጌ ባይ አንድ ወጣት መብራት ሥር አቀርቅሮ፣ የሰው ቆዳ የመሰለ ቢጫ ላስቲክ በማሽን ይወጋል። ቀና ብሎ አየኝና “አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋሉ፣ እማማ፤ ይግቡ እንጂ፣ በረዶው ይመታዎታል” አለኝ። ወንበር ጠርጎ ሰጠኝ። ስሙ ኪሩቤል ነው፤ ሃያ ሰባት ቢሆነው ነው።

“ምን ትሠራለህ ልጄ?” አልኩት። “ታቱ ነው እማማ። ንቅሳት በሉት” አለኝ። ግድግዳው ላይ የሠራቸው ተለጥፈዋል፤ አንበሳ፣ ጽጌረዳ፣ የተራራ ቀበሮ። ቀበሮዋ ዓይኗ ሕይወት ያለው ይመስላል። “ታዲያ እንዲህ እየሠራህ ፊትህን ምን አጠቆረው?” ስለው የሚለማመድበትን ላስቲክ ገልብጦ አሳየኝ። ላዩ ላይ መስመር፣ መስመር፣ መስመር ብቻ። “አንበሳ ይወጣልኛል። ጥላውም ይወጣልኛል። ቀጥ ያለ መስመር ግን እንቢ አለኝ፤ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው አንዱ ደንበኛ ክንዱ ላይ ቀለበት አሠርቶኝ፣ መነሻውና መድረሻው አልገጥም ብሎ ሰው መሀል አዋረደኝ” አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ቅር አለው። በእሱ መሳቄ አልነበረም፤ እኔ በእሱ ዕድሜ በዚሁ ነገር ስንት ሌሊት እንዳለቀስኩ ትዝ ብሎኝ ነው። “እኔ ነቃሽ ነበርኩ” አልኩት። ለሰው እንዲህ ብዬ ከተናገርኩ ስንት ዘመኔ።

ያኔ ሮቤ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ሮቤዎች ፎቅ ስላላቸው አንገታቸው ረዝሟል እንጂ፣ ያኔ ቢሮው ጎባ፣ ሐኪም ቤቱ ጎባ፣ ሲኒማውም ጎባ ነበር። ሮቤ ለመሄድ ጋሪ ተሳፍረህ፣ ፈረሱ እየተነፈሰ፣ ገብስ መሀል ለመሀል ነበር። ጎረምሳው እግሩ መሬት የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ለብሶ፣ ፀጉሩን ከፍክፎ ከአስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ይገተራል፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአምስት። ሻይ ቤቱ ቴፕ ነበረው። ባለቤቱ አንዷን የፍቅር ዘፈን በቀን ሃያ ጊዜ ይከፍታታል፤ ክሩ ተልፈስፍሶ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው እስኪመስል። እኛ ሴቶቹ ቴትሮን ቀሚስና እጅ ሥራ ሹራብ ነበር ልብሳችን፤ የጎባ ብርድ ለፋሽን ቦታ አይሰጥም። ፋሽኑ አንገት ላይ ነበር። ሐብል መግዛት ያልቻለች ተነቀሰች፤ ሐብል መግዛት የቻለችም ተነቀሰች። በእኛ ሰፈር ለሙሽራ አንገት ሦስት መስመር ነበር ልማዱ፣ አንዱ ከአንዱ ሥር፣ እንደ ጠባብ ሐብል ዙሪያውን። ሁለት ያላት “ገና አልጨረሰችም” ትባላለች።

የጎባ አንገት ሁሉ በእትዬ ዘነቡ እጅ ነበር ያለፈው። ከሰሜን ከወታደር ባላቸው ጋር የመጡ፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሱረት የሚስቡ ሴት ነበሩ። ሥራውን ልማር ብዬ ስሄድ መርፌ አልሰጡኝም፤ ድንች ነው የሰጡኝ። “ድንቹን ውጊ። ውሃ ካወጣ ጠልቀሻል፤ ቀለሙ ከታጠበ አልደረስሽም። ድንች የማያለቅስበትን ልክ እስክታገኚ የሰው ልጅ እንዳትነኪ” አሉኝ። ያን ክረምት ስንት ድንች እንደወጋሁ እናቴ ትመስክር። ቤታችን ወጥ ሲወጣ ድንቹ ሁሉ ጥቁር ነጠብጣብ ነበረበት። አባቴ አንዱን በእንጀራ አንስቶ ትክ ብሎ አይቶ፣ “ይቺኛዋ ደግሞ ለማን ነው የተዳረችው?” ይል ነበር። ቀለማችን የኩራዝ ጥቀርሻ ነበር፤ ሸክላ ላይ ይዘን፣ በቅጠል ጭማቂ ለውሰን። ሦስት መርፌ በክር ይታሰራል። መርፌውን ማዞሪያው ጥግ ከነበሩት ሐጂ ሱቅ ነበር የምገዛው። ሐጂ ለምን እንደምገዛው ያውቃሉ። “በእኛ ዘንድ እንኳ አይፈቀድም፣ ልጄ” አሉኝ አንድ ቀን፤ “መርፌ መምረጥን ግን ላሳይሽ። ጫፉን በጥፍርሽ ላይ ሳቢው። ከቧጠጠ መልሽልኝ፣ ከተንሸራተተ ውሰጂው።” ስንት ነቃሽ የማታውቀውን ያወቅሁት ተነቅሰው ከማያውቁ ሰው ነው። አላህ ነፍሳቸውን ይማር።

ይህን ሁሉ ለኪሩቤል እየነገርኩት ዝናቡ አባራ፤ እኔ ግን አልተነሳሁም። “እስቲ አንድ መስመር ሥራ” አልኩት። ሲሠራ አየሁት። ልክ እንደ እኔ ነበር፤ በጣቱ ነው የሚሠራ፤ ትንፋሹን ይዞ፣ ዓይኑን መርፌው ጫፍ ላይ ተክሎ። እትዬ ዘነቡ በእንጨት ማንኪያ ጉልበቴን እየመቱ ያሉኝን ሁሉ ከራሴ አፍ ሲወጣ ሰማሁት። “ክንድህን ጠረጴዛው ላይ አሳርፍ። ጣት ለመጻፍ ነው፤ መስመር ከትከሻ ነው የሚመጣ። ትንፋሽህን አትያዝ፤ ስታወጣ ሂድ። መርፌውን አትይ፣ የምትደርስበትን እይ። መንገደኛ እግሩን እያየ ቢሄድ የት ይደርሳል?” ልጁ ይስቃል፤ ግን ይሰማል። መስማቱ ደስ አለኝ፤ የዘንድሮ ልጅ ስልኩ ውስጥ ሁሉም ነገር ስላለ ሰው የሚሰማ አይመስለኝም ነበር። ክንዱን ሊያሳርፍ እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ላይ ሁለት መስመር ነበር። ጎን ለጎን ዙሪያውን ይሄዱና አንድ ቦታ ላይ ሁለቱም ወረድ ብለው ይመለሳሉ።

እኔ የራሴን እጅ ሥራ አጣዋለሁ? “ይሄን ማን ሠራልህ?” አልኩት። “እኔው ነኝ። የአያቴን አንገት ነው የገለበጥኩት፣ ጠማማውን ሳላቃና እንዳለ። ለምን ሁለት ብቻ ሆነ ስላት አላለቀም ትለኛለች። እኔ ልጨርስልሽ ስላት ደግሞ እንቢ ትላለች።” አያትህ ማን ትባላለች አልኩት፤ እያወቅሁ። “ጥሩወርቅ” አለኝ።

ጥሩወርቅ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች። አብረን ውሃ ቀድተን፣ አብረን ተምረን፣ አንዷ ስትቀጣ ሌላዋ የምታለቅስ። ጊኒር ለተመደበ ጸሐፊ ታጨች። እኔ ሚዜ ልሆን ነው። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ዘነቡ ሲናና ለቅሶ ሄዱ፤ ሳምንት ቆዩ። ጥሩወርቅ “አስካለ፣ አንቺ አትነቅሽኝም እንዴ?” አለችኝ። ድንች እንጂ ሰው ነክቼ አላውቅም። ደስታ ግን አፌን ዘጋውና ቀን ቆረጥኩ። በማለዳ ነው የመጣች፤ ጠዋት ቆዳ በብርድ እንደሚሸማቀቅ፣ ፀሐይ እስኪሞቅ መጠበቅ እንዳለበት እንኳ አላሰብኩም። ደግሞ ሌላ ያላሰብኩት ነበር፤ ጥፋቴ ሁሉ እሱ ነው። ውሃ እንደምትጠጣ ዶሮ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጌ አስቀመጥኳትና፣ እንደዚያ እንዳለች ምልክቱን አደረግሁ። መስመሩ እንደ ክር የተወጠረ ነበር። አንዱን ዙር ወጋሁ፤ ሁለተኛውን ወጋሁ። እንባዋ በጆሮዋ ይወርዳል፣ አፏ ግን ስለ ጊኒር ገበያ ያወራል። “ቆይ ልረፍ” ብላ ቀና ያለውን ራሷን መለሰችና ሳቀች። ቆዳው ወደ ቦታው ሲመለስ መስመሮቼ በግራ በኩል፣ ከጆሮዋ ሥር፣ ተያይዘው ወደ ታች ወረዱ።

ምልክት የሚደረገው ሰው ቆሞ፣ እንደ ልማዱ እያወራ ነው። ቆዳ የሚወጠረው ሲወጋ እንጂ ሲለካ አይደለም። ይህን ዛሬ በእንቅልፌ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ያን ቀን ግን አላውቅም። ጥሩወርቅ “ምነው ዝም አልሽ?” አለችኝ። “ጥቀርሻው አለቀብኝ፤ ከቤት ላምጣ” አልኳት። ጥቀርሻው ሸክላው ላይ ሙሉ ነበር። ወጣሁና እግሬ አውጪኝ አልኩ። በማግስቱ ስትልክብኝ ታምሜአለሁ አልኩ። እትዬ ዘነቡ ተመልሰው ሲሰሙ “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” አሉኝ፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ሄደው ሊጨርሱላት ቢሉ ጥሩወርቅ “አስካለ ትጨርሰው” አለች አሉ። እኔ አልሄድኩም። የሠርጓ ቀን አልጋ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ጭብጨባውን ሰማሁት። ሚዜነቱን ሌላ ልጅ ያዘችው። ሙሽሮቹ በጭነት መኪና ላይ ሆነው ወደ ጊኒር ሲወርዱ የመኪናውን ጡሩምባ እስኪጠፋ ቆጠርኩት።

ከዚያ ወዲያ መስመር ለእኔ የእህል ውሃ ነገር ሆነ። ድንች ትቼ የበግ ቆዳ ላይ ገባሁ፤ የበግ ቆዳ ትቼ የራሴ ጭን ላይ። ዛሬም አሉ፤ ጠማማ፣ ከዚያ ያነሰ ጠማማ፣ ከዚያ ቀጥ ያለ። ማንንም ከረፋድ በፊት አልነካም፤ ማንንም ሳላቆምና ሳላስወራ ምልክት አላደርግም። “አስካለ ከመንቀሷ በፊት የሰባት ቤት ሐሜት ታስወራለች” ይሉኝ ነበር። መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ፋሽን ሲለዋወጥ፣ እትዬ ዘነቡ ሲያልፉ፣ የጎባ አንገት ወደ እኔ መጣ፤ ሳልዋሽ እነግራችኋለሁ፣ ከእሳቸው የቀና መስመር ሠርቻለሁ። ኋላ ንቅሳት የገጠር ነው ተባለና ቀረ። ጥልፍ ገባሁ፤ ቤቴን በጥልፍ ሠራሁ፤ ልጆቼን በጥልፍ አስተማርኩ፤ ተመስገን ነው። ግን የነቀስኳቸውን ቀና አንገቶች አላስታውሳቸውም፤ የማስታውሰው ያን አንዱን ነው። አንድ ጊዜ፣ ጥሩወርቅን ለንግሥ ጎባ መጥታ አየኋት። ልጅ አዝላለች። አንገቷን በወፍራም ሻርፕ ጠቅልላለች። አፍራበት ነው አልኩና ሴቶቹ መሀል ተደበቅሁ። ጊኒር ሩቅ አልነበረም፤ እኔ ነኝ ያራቅሁት።

ይህን ሁሉ ኪሩቤል ፊት አልዘረዘርኩም። “አስካለ ጎባ አለች፣ አልሞተችም በላት” ብቻ አልኩት። ልጁ ማሽኑን አስቀመጠ። “እርስዎ ነዎት እንዴ ያቺ አስካለ?” አለኝ። አያቱ ባሏ ካረፈ ወዲህ ሮቤ ከእነሱ ጋር ነው የምትኖረው፤ ቅዳሜ ላምጣት አለኝ። እሺ አልኩ። ሳምንቱን ግን አትጠይቁኝ። ኪኒኔን መዋጥ እየረሳሁ፣ ምን ብዬ ነው ዓይኗን የማየው እያልኩ። ልቅር ብዬ ነበር ዓርብ ማታ። ደግሞ አሰብኩት፤ ብቀር ሁለተኛ ጊዜ መቅረቴ ነው።

ቅዳሜ ፀሐይ ነበር። ስገባ ጥሩወርቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ነጭ፣ ፊቷ ቀላ ያለ፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ሰላም አላለችኝም። “ጥቀርሻውን አገኘሽው?” አለችኝ።

እንባዬ ቀደመኝ። በሩ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ኪሩቤል ወደ ፀጉር ቤቱ ወጣ። አቅፋኝ፣ ጀርባዬን እየመታች “በቃ፣ በቃ፤ ግፊት አለብሽ አሉ” ትለኛለች። ስንረጋጋ ንግሥ ላይ እንዳየኋት ነገርኳት፤ “በሻርፕ ሸፍነሽው አየሁ፤ ያሳፈርኩሽ እኔ ነኝ” አልኳት።

“አፍሬማ ነበር፤ ምን እዋሽሻለሁ” አለችኝ። “የመጀመሪያውን ዓመት መስታወት ጠልቼ ነበር። አማቴም ነቃሿ ጠጅ ጠጥታ ነበር ወይ ብለውኛል። ኋላ ልጅ ወለድኩ። ጡት ሲጠባ ጣቱ ወደ አንገቴ ይመጣና እዚያች ወረድ ያለችው ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ እሷን ይዞ ነው የሚተኛ። አምስት ልጅ አጥብቻለሁ፤ አምስቱም እዚያችው ጋ። ይሄም የልጅ ልጄ እንደዚያው። ታዲያ እንዴት ልጥላት?”

“ሻርፑስ?”

“ሻርፑ ለጎደለው ነው እንጂ ለጠመመው አይደለም። ያላለቀ ነገር ለሰው አይታይም።” የሻርፑን ጫፍ አጠፈች። “እኔ የተቀየምኩሽ በመስመር አይደለም፣ አስካለ። ሠርጌ ቀን ፎቶ አንሺው ሚዜዋ የት አለች እያለ ሲጠብቅ፣ አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች እያልኩ አቆይቼው ነበር።”

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያዘንኩት በመስመሩ ነበር፤ የቆሰለችው ግን በሌላ ኖሯል። “ይቅር በይኝ” አልኳት። “መጀመሪያ ጨርሺልኝ” አለችኝና ሻርፑን ፈታች።

ሁለቱ መስመሮች አሁንም ነበሩ፤ ሰማያዊ ሆነዋል፣ ቆዳው ተሸብሽቦ አብረውት ታጥፈዋል። እጄን አሳየኋት። ይንቀጠቀጣል፤ ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል። ኪሩቤልን ጠራነው። ጓንት ካላጠለቁ አይነኩም ብሎ ነጭ ላስቲክ እጄ ላይ አጠለቀልኝ፤ ላም የምታዋልድ ሐኪም መሰልኩ፣ ጥሩወርቅ ሳቀችብኝ። አቆምኳት። “አውሪ” አልኳት። ስለ ምን ላውራ አለች። ስለ ሠርግሽ አልኳት። ምን እንደለበሰች፣ ማን እንደዘፈነ፣ መኪናው ዳገቱ ላይ እንዴት እንደቆመባቸው፣ አማቷ እንዴት እንደተቀበሏት፤ ያልሰማሁትን ሁሉ ነገረችኝ፤ እኔ እጄን ትከሻዋ ላይ አሳርፌ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁ። ከግራ ጆሮዋ ሥር ስደርስ ቆምኩ። “እዚህ ጋ ቀጥ ላድርጋት?” አልኩ። “ለምን? እህቶቿን ትከተል እንጂ” አለችኝ። ወረድ አድርጌ መለስኳት።

ያረጀ ቆዳ ተንኮለኛ ነው፤ አንድ እጅ አይበቃውም። እኔ በሁለት እጄ ወጠርኩት፤ ቆዳ መወጠር መንቀጥቀጥን አይቆጥርም። ኪሩቤል ማሽኑን አነሳ። ግንባሩ አልቦታል፣ “እማማ፣ አያቴ እኮ ናት” አለኝ። “የምትደርስበትን እይ” አልኩት። ትንፋሹን ለቀቀ። የማሽኑ ንብ ተነሳች፤ በግራ በኩል ወረደች፣ ወጣች፣ ዙሪያውን ሄዳ መነሻዋ ላይ ገጠመች። መስመሩ አንድም ቦታ አልተንቀጠቀጠም። ልጁ ማሽኑን ይዞ ቆሞ ቀረ። ኋላ ደጋግሞ ሲያመሰግነኝ፣ እትዬ ዘነቡን አመስግን፣ ሐጂንም፣ ድንቹንም አልኩት።

ጥሩወርቅ መስታወቱን ይዛ ብዙ ቆየች። ጣቷን አስጠግታ፣ እንዳትነካው እየተጠነቀቀች፣ በአየር ላይ ሦስተኛዋን ተከተለቻት። ኪሩቤል በስስ ላስቲክ ሸፈነላት፤ ብርጭቆ ይመስላል፣ ከሥሩ ሁሉም ይታያል። ከዚያ ሚኒባስ ተራው ድረስ ልትሸኘኝ ወጣን፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን፤ አንዲት እህል ሻጭ አየችንና “አዴ፣ አንገትሽ እንዴት ያምራል” አለቻት። ከተራራው በኩል ነፋሱ መጣ፤ ያ የምታውቁት፣ አጥንት የሚፈልገው። ሻርፑ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ሰጠኋት። “ልበሺው፣ ይበርድሻል” አልኳት።

“ይብረደኝ” አለችኝ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።